ጤፉን እንዳትነኪው

የምክር ዓምድ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ ነው። ባለቤቴ ፖሊስ ነው፣ ሳጅን። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ ይሠራል። ሹፌሮች ሊብሬያቸውን ሲያሳዩ ብር አጥፈው ውስጡ ያስገባሉ። ሽፍቱ ሲያልቅ ይከፋፈሉታል። እሱ ድርሻውን ተቀብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ይስቁበት ነበር። ‹መምሬ› ይሉታል። ባለፈው ወር ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ሌሊት ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አስቁሞ ሲፈትሽ፣ ከሽንኩርቱ ሥር የኮንትሮባንድ ልብስ አገኘ። ቦንዳውን ቆጥሮ 38 ብሎ መዘገበ። ሹፌሩንም አስፈረመ። ጠዋት አለቃው ‹21 ነው፣ መዝገቡ ይስተካከል› አለው። እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ግምገማ ላይ ‹የአመለካከት ችግር አለበት› እየተባለ ነው። ዝውውርም እየተወራ ነው።

እሱ ተረኛ በሆነበት አንድ ቀን አንድ ልጅ በባጃጅ ግማሽ ኩንታል ማኛ ጤፍ አምጥቶ ‹ከምንጃር ነው፣ ከዘመድ› ብሎኝ አውርዶ ሄደ። የባሌ አጎት የላከ መስሎኝ ተቀበልኩ። እሁድ ማኅበር ላይ የባልደረባው ሚስት ጠጋ ብላ ‹ጤፉ ደረሰ አይደል?› ስትለኝ ወገቤ ቁርጥ አለ። ባሌ ማታ ሲጠይቀኝ እናቴ ላከችልኝ አልኩት። አሁን ጓዳ ውስጥ ጋቢ ጥዬበት ተቀምጧል። ሁለት ልጆች አሉን፣ የምንኖረው በኪራይ ነው። ጎረቤቶች ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ይሉኛል። ባሌ ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ትክክል መሆን ኪራይ አይከፍልም። ልንገረው? ወይስ ጤፉን ዝም ብዬ ልመልሰው? ለቤተ ክርስቲያን ብሰጠውስ? ፈርምና ልጆችህን አሳድግ ብለው ኃጢአት ይሆንብኛል?»

የሳጅኑ ሚስት

እህቴ፣ የዛሬ ማታውን ላስቀድም። ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ በዪና ንገሪው። ባጃጁንም፣ ማኅበር ላይ የተባለውንም፣ «እናቴ ላከችልኝ» ያልሽውንም። ይቆጣል። ይቆጣ። አንድ ማታ ይኮራረፋል እንጂ ሌላ ምን ይመጣል?

ይህን የምልሽ ባልና ሚስት መደባበቅ የለባቸውም ብዬ ብቻ አይደለም። ጤፉ የመጣው እሱ ቤት አለመኖሩ ታውቆ ነው። ሳምንት ግምገማ ላይ ቆሞ «እኔ የማንንም አልበላሁም» ሲል፣ ከኋላ አንዱ እጁን ያወጣና «ጓዳህ ያለው ማኛስ?» ይለዋል። ባልሽ ነገሩን መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ከሆነ አለቀለት። ንጹሕ ሰው ሲደነግጥ ከሌባ አይለይም። አለቆቹ ደግሞ ይህንን በደንብ ያውቃሉ።

ያ ጤፍ የመጣው ድርሻውን አልቀበልም ስላለ ነው። የኬላ ብር የሚከፋፈለው ሰዎቹ ለጋስ ስለሆኑ እንዳይመስልሽ። አብሮ የበላ አብሮ ዝም ይላል። እንቢ ያለው አንድ ሰው እንቅልፍ ይነሳቸዋል። በኪስ አልገባ ሲላቸው በጓዳ በር ገቡ፣ ይኸው ነው።

ሕጉ ለዚህ በር አልተኛም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የመንግሥት ሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ ለራሱም ሆነ ለሌላ ሰው የማይገባ ጥቅም ሲቀበል ይቀጣል። ሰጪውም አያመልጥም። ስለዚህ «የተቀበለችው ሚስቴ ናት» ማለት ባልሽን አያድነውም። ሳያውቅ የገባ ነገር አያስጠይቀውም። አውቆ ዝም ሲል ነው ጣጣው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ስትነግሪው እሱም አወቀ ማለት ነውና ጠዋት መንቀሳቀስ አለበት። «ቆይ እስኪ ነገሩ ይብረድ» የሚባል ነገር የለም።

ጤፉን እንዳትነኪው። አፉ የተሰፋ ማዳበሪያ ከሆነ እንደተሰፋ ይቀመጥ። አንድ እፍኝ እንኳ አታውጪ። ደግሞ ውስጡ ፖስታ ሊኖር ይችላል፤ አንቺ ከፍተሽ ካገኘሽው ሌላ ታሪክ ይሆናል። ዝም ብዬ ልመልሰው ያልሽውን እርሺው። ለማን ልትመልሺ? ልጁን አታውቂውም። ለዚያች ሴትዮ በር ላይ ብታስቀምጪው፣ ነገ «በልተውታል» ቢሉ በምን ታስተባብያለሽ? ቤተ ክርስቲያን ልስጥ ላልሽው ደግሞ፣ የሥላሴን ደጅ የጉቦ መጋዘን አታድርጊው። ካህናቱ ምን በደሉ?

ይልቅ ጠዋት የዕድራችሁን ዳኛና አንድ የሚታመኑ ጎረቤት ጥሩ። ቡና አፍሉላቸው። ማዳበሪያውን አሳዩአቸው። ከዚያ በአንድ ገጽ ጻፉ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ልጁ ምን ዓይነት እንደነበር፣ ምን ብሎ እንዳወረደው፣ ካስታወስሽ የባጃጁ የጎን ቁጥር፣ እሁድ ማኅበር ላይ ማን ምን እንዳለሽ። አጎትየውም መላካቸውንና አለመላካቸውን ደውላችሁ ጠይቁና መልሳቸውን ጻፉት። የሰማሽውን ብቻ አስፍሪ። «አለቃው ልኮት ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ አላየሽም። አንቺ ትፈርሚያለሽ፣ ምስክሮቹም ይፈርማሉ።

ይህን ወረቀት ባልሽ ከራሱ ማመልከቻ ጋር አያይዞ ያስገባዋል። ለጣቢያው አለቃ አይሰጥም፤ መዝገብ አስተካክል ያለው እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ይሂድ፣ ዞን። ለበላዩ ለፖሊስ መምሪያው አንድ፣ ለዐቃቤ ሕግ አንድ። ባሕር ዳር ላለው ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ደግሞ ግልባጭ። በእጅ ሰጥቶ «እሺ፣ እናየዋለን» ተብሎ አይመለስ። መዝገብ ቤት ያስገባው፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስመታበት፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይያዝ። ያቺ ቁጥር ከመቶ ሽማግሌ ትበልጣለች። ጤፉንም የት እንደሚያስረክብ በዚያው ይጠይቅ፤ ሲያስረክብ የርክክብ ወረቀት ይቀበል።

ወረቀት ወረቀት ማለቴን አታማርሪ። የእኛ አገር ሰው ሙግት ያውቃል ይባላል። «በሕግ አምላክ!» ሲባል እግሩን የሚተክል ሰው አገር ነው። ግን ባለቤትሽን እስካሁን ያዳነው ድፍረቱ እንዳይመስልሽ። ያዳነው በዚያ ሌሊት ብርድ ላይ ቆሞ 38 ብሎ መጻፉና ሹፌሩን ማስፈረሙ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አለቃው «ይስተካከል» ያለው መዝገቡ ስላስጨነቀው አይደለም እንዴ? ባልሽ ቆጥሮ ዝም ቢል ኖሮ ማንም ማኛ አይልክላችሁም ነበር።

አሁን ወደ ፊርማው። «ፈርም ልበለው» ያልሽው ጭንቀት ይዞሽ እንደሆነ ይገባኛል። አልፈርድብሽም። ግን ሒሳቡን አስቢው። ከ38 ላይ 21 ሲነሣ 17 ቦንዳ ይቀራል። 17 ቦንዳ ልብስ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ያንን የወሰደው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። የሚጻፈው የባልሽ ስም ነው። ነገ ሹፌሩ ፍርድ ቤት ቀርቦ «እኔ የፈረምኩት 38 ላይ ነው» ይላል። ያኔ ዳኛው የሚጠይቀው ማንን ይመስልሻል? አለቃው «እኔ ምን አውቄ፣ የመዘገበው ሳጅኑ ነው» ይላል። ትክክል መሆን ኪራይ አይከፍልም አልሽ። እውነት ነው፣ ምንም መልስ የለኝም። ግን እስር ቤት የገባ ባልም ኪራይ አይከፍልም።

«ታዝዤ ነው» ማለትም ብዙ አያዋጣም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 74 መሠረት የበታች ሠራተኛ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ከፈጸመ ይጠየቃል። ባልሽ ደግሞ ቦንዳውን በእጁ ቆጥሯል። አላወቅሁም ሊል አይችልም።

አለቃው ዳግመኛ ሲጠይቀው አይጨቃጨቅ። አይሳደብ። ሰላምታውን ሰጥቶ «ጌታዬ፣ ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ» ይበል። ሌላ አንድ ቃል አይጨምር። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው እስክሪብቶ ይፈራል። ከተናደደና ከጮኸ፣ የጮኸበትን ቀንና ሰዓት፣ ማን እንደነበረ ማታ ቤት ሲገባ ደብተር ላይ ያስፍር። ኮንትሮባንዱ ራሱ ለጉምሩክ መተላለፍ ያለበት ዕቃ ነው፣ ኤግዚቢት ክፍል ሲያድር የሚኖር አይደለም። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ አንድ መስመር ይጨምር፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ታርጋ፣ 38 ቦንዳ ተይዟል፣ ለጉምሩክ ስንት እንደደረሰ ይጣራልኝ። መክሰስም መወንጀልም አያስፈልገውም። «ይቆጠርልኝ» ማለት ይበቃል።

የመዝገቡን ገጽ በስልክ አንሥቶ ለሰው መላክ ግን አይሞክር። የገጹን ቁጥርና ቀኑን ይያዝ። ቴሌግራም ላይ፣ ቲክቶክ ላይ ነገሩን ማውጣት የሚመክሩት ጓደኞች አይጠፉም። ሁለት ቀን ጀግና ይሉታል። በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤት ሚስጥር አወጣህ ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ይሆናል፣ 17ቱ ቦንዳም ይረሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልበል። ዛሬ በእኛ አካባቢ ሰውን ለማጥፋት ማስረጃ አያስፈልግም። ስም መለጠፍ ይበቃል። «ከነእገሌ ጋር ግንኙነት አለው» ካሉት ስለ ቦንዳ የሚሰማው የለም። ስለዚህ ማመልከቻው ስለ ቦንዳውና ስለ ጤፉ ብቻ ይሁን። ስለ መንግሥት፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ አለቃው ዘር አንዲት ቃል አይግባበት። ሻይ ቤትም ቢሆን ስለዚህ ጉዳይ አያውራ። ከጠጣ ጭራሽ።

የጠቋሚዎችና የወንጀል ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል ሕግ እንዳለ ይነግሩሽ ይሆናል። አለ። ማንነትን መደበቅ፣ ጥበቃ መመደብ፣ ከአካባቢ ማራቅ ሁሉ ተጽፎበታል። ግን የሚሠራው ለከባድ ወንጀል ነው፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጣ። ዐቃቤ ሕጉን «ጉዳዬ በዚህ ይሸፈናል ወይ?» ብሎ ይጠይቀው። ይሸፈናል ከተባለ ጥሩ። ካልተባለ ደግሞ የሌለ ጃንጥላ ተማምኖ ዝናብ ውስጥ አይግባ።

እዚህ ላይ የሚያበሳጨኝን ነገር ልናገር። በፌዴራል ደረጃ የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ሲቋቋም መርማሪም ከሳሽም ራሱ ነበር። በ2008 ያ ሥልጣን ተወሰደበትና ምርመራው ወደ ፖሊስ፣ ክሱ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። ለሌላው መሥሪያ ቤት ይሁን። ሌባው ራሱ ፖሊስ ሲሆን ግን ማን ማንን ይመርምር? ፖሊስ ፖሊስን። ባልሽ ለአንድ ቦታ ብቻ አመልክቶ እንዳይቀመጥ የምወተውተው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ሦስት መዝገብ ቤት ከገባ ሦስቱንም በአንድ ስልክ ማስቆም ይከብዳል።

አንቺም ራስሽ መጠቆም እንደምትችይ እወቂ። ማንም ሰው ወንጀል ሲፈጸም ባያይም እንኳ የማመልከት መብት አለው፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህንን ይላል። አንቺ ደግሞ ጤፉን በእጅሽ የተቀበልሽ ዋና ምስክር ነሽ። ባልሽ ብቻውን ቆሞ አንቺ ጓዳ የምትጠብቂበት ነገር አይደለም።

ብቻውንም መሆን የለበትም። በአንድ ሽፍት ውስጥ ከሚከፋፈሉት መካከል ድርሻውን እያፈረ የሚወስድ አንድ ሰው አይጠፋም። ብሩን ሳይቆጥር ኪሱ የሚከት፣ ከባልሽ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት የሚያቅተው። እሱን ይፈልገው። ይመስክርልኝ ብሎ አይለምነው። «መዝገቡ ላይ 38 መጻፌን አይተሃል፣ ሰው ቢጠይቅህ እውነቱን ትናገራለህ?» ይበለው። አዎ ካለ ይበቃል። አይ ካለም ነገሩን እንዳወቀ ይቆይ። ሌላ ምስጢር ግን አይስጠው።

ጎረቤቶችሽ ስለሚተርቱት ተረት ደግሞ፣ ለማን እንደተተረተ አላስተዋሉም። ባልሽ ሹም አይደለም። ሌሊት ጉም ውስጥ የሚቆም ሳጅን ነው። የሚበላው ሌላ፣ ሲያዝ ተላልፎ የሚሰጠው ሌላ። ያ በየሊብሬው የሚታጠፍ ብርም ከሹፌሩ ኪስ ወጥቶ የሚቀር አይምሰልሽ። ሽንኩርቱ ላይ ይጨመራል። ገበያ ሄደሽ «ምነው ተወደደ?» ስትይ የምትከፍይው እሱን ነው።

ያቺ ሴትዮ እንደገና ማኅበር ላይ ብትጠይቅሽ «አዎ ደርሷል፣ ተመዝግቧል» በያት። ፈገግ ብለሽ። ጠላዋን ስታስቀምጥ ታያለሽ። ግን ይህን የምትዪው ወረቀቱ መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። እሷንም አትጥያት። ማን እንደላካት፣ ቤቷ ምን እንዳለ አታውቂም።

ዝውውሩ ይመጣል ብለሽ አስቢ። ደግሞ ሩቅ ነው የሚሆነው፣ ቆላ ወርዶ ወይ አፋፍ ወጥቶ። ራሱ ቀድሞ ዝውውር ልጠይቅ ካለሽ፣ ወረቀቱን ሳያስገባ አይሁን። ያለዚያ ሸሸ ይባላል፣ መዝገቡም ከኋላው ይስተካከላል። ደብዳቤው ሲደርሰው ቀኑን ጽፎ ይፈርም፣ በደል ነው ብሎ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ያመልክት፣ ግን ይሂድ። አልሄድም ካለ «ከሥራ ገበታው ቀረ» ብለው በሌላ ምክንያት ያባርሩታል፣ ያኔ ስለ ቦንዳው ማን ይሰማዋል? ከመሄዱ በፊት መሣሪያውን፣ ጥይቱን፣ ያሉበትን የምርመራ መዝገቦች ሁሉ በዝርዝር፣ በቁጥር፣ በፊርማ ያስረክብ። ጥይት ጎደለ ተብሎ የሚታሰር ፖሊስ ብዙ ጊዜ ጥይት ያጎደለ አይደለም።

እሱ ቢሄድ እናንተ ወዲያው አትከተሉት። ልጆቹ ዓመቱን እዚያው ይጨርሱ። ዕቁብ ካለሽ ዕጣሽን ቀደም አድርገው እንዲሰጡሽ ሰብሳቢውን ለምኚው፤ ሁለት ወር ሦስት ወር ኪራይ በእጅሽ ካለ ባልሽም ቀና ብሎ ይናገራል። ፖሊስነቱን ልተው ብሎ ቢያነሣም አትደንግጪ፣ ነውር የለውም። ግን ወረቀቱ ቁጥር ካገኘ በኋላ ይሁን። ጀግና ሁን ብለሽም አትገፊው። የሚያስፈልገው «ብትዛወርም እንችለዋለን» የሚል ቃል ካንቺ መስማት ነው። ይህን ሲሰማ የሚወስነው እሱ ይሁን።

የልጆቹን የትምህርት ቤት መሸኛ ግን ከአሁኑ እንዳትጠይቂ። ትንሽ ከተማ ነው። ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ጋ ከሄድሽ ነገ ኬላው ድረስ ይሰማል፣ ሊሄዱ ነው ይባላል። ሰኔ ሲደርስ ትጠይቂዋለሽ።